የቃሊቲው ባሕረኛ

ሽታው ነው የሚቀድም፤ ከዚያ ነው ሰፈሩ።
የዱከም ሚኒባሶች በዚያ ሲበሩ
ሰው መስኮት ይዘጋል፤ አፍንጫ ይይዛል፤
«ማነው ይሄን ያረገ?» ይላል፤ ይቆጣል።
አላወቀም እንጂ፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለው
የገዛ ቁርሱ ነው፣ ትናንት የበላው፤
ከለቅሶ ተመልሶ እጁን የታጠበበት፣
የልጁን ሸሚዝ የዘፈዘፈበት፣
ቧንቧውን ሲዘጋ ያለቀ የመሰለው።

ስንሻው ግን ያውቃል። ሃያ ስድስት ዓመት
ከወንፊቱ አጠገብ፣ ከቆርቆሮዋ ቤት።
ድሮ ባሕረኛ ነበር፣ ምፅዋ ላይ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም፤
ነጭ ቆብ ደፍቶ የተነሳውን ፎቶ
በላስቲክ ጠቅልሎ ይዟል፤ ለሰው አያሳይም።
ባሕሩ ወዲያ ማዶ ቀረ፤ እሱ በጭነት መኪና መጣ፤
ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ብዙ ቀን ተንከራተተ።
«የውሃ ልምድ አለህ?» አለው አንዱ ሹም፣ ቀና ሳይል።
«አለኝ» አለ።
ሰጡት፦ አምስት ኩሬ፣ አንድ ረጅም መንሽ፣
ቁጥሩ የማይገጥም ቦት ጫማ።

ወንፊቱ የማያሳልፈው ብዙ ነው፦
ማንኪያ፣ ብይ፣ የአሻንጉሊት ክንድ፣
አንድ ጊዜ የጋብቻ ቀለበት
(ወድቆ ነው ወይስ ተጥሎ? ሦስት ቀን አሰበበት)፣
አንድ ጊዜ መታወቂያ፣ ፊቱ ታጥቦ የሄደ፣
ስሙ ብቻ የቀረ።
በወተት ዱቄት ጣሳ ያስቀምጣቸዋል፤
«ባለቤቱ ቢመጣ» ይላል።
ማንም መጥቶ አያውቅም።

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ይላል ያገሬ ሰው፤
ተረቱ ቃሊቲን ሳያይ ነው የተተረተው።
እዚህ ሞተር አለ፤ ሌት ተቀን ይወቅጣል፤
እምቦጭ፣ እምቦጭ ሲል ውሃው ይተነፍሳል፤
ጥቁሩ ይገረጣል፣ የገረጣው ይረጋል፤
ዝቃጩ ከሥር ይተኛል፣ እንደ ተረሳ በደል።
አይ፣ አይረሳም። እሱም በታኅሣሥ ይወጣል፤
ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይሰነጣጠቃል።

ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ መብራት ሄደ።
ሞተሩ ዝም ሲል ስንሻው ነቃ፤
ጩኸቱ አይደለም የሚቀሰቅሰው፣ ዝምታው ነው።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤
ናፍጣው ፊርማ ይፈልጋል፤
ፊርማው ሰኞ ይገባል።
ዝናቡ ግን ሰኞን አልጠበቀም።

ሲፈን መጣች፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ በስልኳ መብራት።
ከወንዙ ዳር ድንቄ መጣች፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን አስከትላ፤
ቆስጣዋ ከኩሬው በታች ነው፤ ማንም አልጠራትም።
«ሞልቶ ከፈሰሰ...» አለች ሲፈን፤ አልጨረሰችውም።
«ጆንያ» አለ ስንሻው፤ ሌላ ቃል አልነበረውም።
ጆንያ፣ አፈር፣ ጆንያ፤
እጅ ከእጅ ሲቀባበል፣ የማን እንደሆነ ሳይለይ።
ያን ሌሊት፣ ከሠላሳ ስንት ዓመት በኋላ፣
እግሩ ሥር መሬቱ ሲወዛወዝ ተሰማው፤
ደስ አለው፤
በደስታው አፈረ።

ሲነጋ ውሃው ከጠርዙ አንድ ስንዝር ጎድሎ ቆመ።
ድንቄ ቀሚሷን ጨምቃ ቆስጣዋን ልታይ ወረደች፤
አላመሰገነችም፤
ከሰዓት አንድ እስር ላከችለት።
ሦስቴ አጥቦ በላው።

ሲፈን ከመጨረሻው ኩሬ በጠርሙስ ቀዳች፤
ወደ ፀሐይ አነሳችው፤ ጣቶቿ በወዲያ በኩል ታዩ፣
አምስቱም፣ እየተንቀጠቀጡ።
«ምን ጎደለው?» አለችው።
አሸተተ። ቆይቶ፣ «ጨው» አለ።

ከዚያ መዝገቡን ገልጦ፣ ቢሮ ያልጠየቀውን፣
በድሮው ልማዱ እንዲህ ጻፈ፦
ነፋስ፣ ከምሥራቅ፣ ለስላሳ።
ወደብ፣ የለም።
ሠራተኛ፣ አምስት፤ ሁሉም ደህና።
መርከቧ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።